ክለባችሁ ሲወርድ ማን ይሸጥ? ማንስ ይቅር? አምስት የመልሶ ግንባታ መንገዶች በንጽጽር

በየዓመቱ ሜይ ላይ ሦስት ክለቦች ከእንግሊዝ ፕሪምየር ሊግ ይወርዳሉ። በቀጣዩ ሳምንት በደጋፊዎች መካከል የሚነሳው ክርክር ሁልጊዜ ተመሳሳይ ነው። አንዱ «ሁሉንም ሸጦ እንደ አዲስ መጀመር ነው» ይላል። ሌላው «ኮከቦቻችንን ከያዝን በዓመቱ እንመለሳለን» ብሎ ይሟገታል። ሦስተኛው ታዳጊዎቹ ይሰለፉ ባይ ነው። ሦስቱም ሐሳቦች ክለብ ያዳኑበት ዓመት አለ፤ ሦስቱም ክለብ ያጠፉበት ዓመት አለ።

እኔ ከአለን ሺረር ዘመን ጀምሮ የኒውካስል ደጋፊ ነኝ። ክለቤ በ2009 እና በ2016 ወርዷል። ሁለቱንም ጊዜ በዓመቱ ተመልሷል፤ ሁለቱንም ጊዜ ከፕሪምየር ሊጉ ቀጥሎ ያለውን የሁለተኛውን ደረጃ ሊግ፣ የቻምፒዮንሺፑን ዋንጫ አንስቷል። የተመለሰባቸው መንገዶች ግን በምንም አይገናኙም፤ አንዱን ጊዜ ያተረፈው ውሳኔ በሌላው ጊዜ ቢወሰን ኖሮ ይገድለን ነበር። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ክለባቸው ለወረደባቸውና አፋፍ ላይ ለቆመባቸው ደጋፊዎች ነው። በክረምቱ የዝውውር ወሬ ሲጎርፍ የትኛው ዜና ሊያስደስታችሁ፣ የትኛው ሊያሳስባችሁ እንደሚገባ ለመለየት ይረዳል። ቀኖቹና ዓመቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አቋሜን አስቀድሜ ልናገር። የወረደ ክለብ የመጀመሪያ ጥያቄ «ማንን እንሽጥ?» መሆን የለበትም። «ማን ይቀራል? የሚቀረውስ ወዶ ነው ወይስ ገዥ አጥቶ?» የሚለው ይቀድማል። ሽያጩም ግዢውም መወሰን ያለበት ከዚህ መልስ በኋላ ነው።

## መመዘኛዎቹ

ገንዘብና ጊዜ። የወረደ ክለብ ባዶ እጁን አይወርድም። ፕሪምየር ሊጉ የፓራሹት ክፍያ የሚባል ድጎማ ይሰጠዋል። መጠኑ የላይኛው ሊግ ክለቦች እኩል ከሚካፈሉት የቴሌቪዥን ገቢ በመጀመሪያው ዓመት 55 በመቶ፣ በሁለተኛው 45 በመቶ፣ በሦስተኛው 20 በመቶ ነው። ላይ የቆየው አንድ ዓመት ብቻ የሆነ ክለብ ሦስተኛውን አያገኝም። የመጀመሪያው ዓመት ክፍያ ብቻ ከ40 ሚሊዮን ፓውንድ ስለሚበልጥ፣ የወረዱ ክለቦች ከሌሎቹ ተፎካካሪዎቻቸው ጋር እኩል አይጀምሩም። ነገር ግን ገንዘቡ በየዓመቱ ይቀንሳል፤ የሚፈቀደው ኪሳራም አብሮ ይጠብባል። እስከ 2025–26 በነበረው ሕግ ኪሳራው የሚሰላው በሦስት ዓመት ድምር ነበር፤ ሦስቱንም ዓመት ፕሪምየር ሊግ ለቆየ ክለብ ጣሪያው 105 ሚሊዮን ፓውንድ ሲሆን፣ ሦስቱንም ዓመት ቻምፒዮንሺፕ ለቆየ 39 ሚሊዮን ብቻ ነበር። ባለቤቱ የፈለገውን ያህል ሀብታም ቢሆን ከዚያ በላይ ከኪሱ አውጥቶ ማጣት አይችልም ነበር። ስለዚህ በመጀመሪያው ዓመት ያልተመለሰ ክለብ በሁለተኛው ይበልጥ እጅ ያጥረዋል።

ውሎቹ። ደጋፊ የማያየው፣ ሁሉን ነገር የሚወስነው ግን ይህ ነው። ሦስት ነገር ጠይቁ። ክለቡ ከወረደ ደመወዝ የሚቀንስ አንቀጽ አለ? ተጫዋቹ በተወሰነ ዋጋ ወይም በውሰት የመሄድ መብት አለው? ውሉ ስንት ዓመት ቀርቶታል? አንድ ዓመት የቀረው ተጫዋች ዛሬ ካልተሸጠ በሚቀጥለው ክረምት በነፃ ይሄዳል።

የመዝገብ ዋጋ። የዝውውር ትርፍ የሚሰላው በተገዛበትና በተሸጠበት ዋጋ ልዩነት ብቻ አይደለም። በ20 ሚሊዮን ፓውንድ ለአራት ዓመት የፈረመ ተጫዋች በየዓመቱ 5 ሚሊዮን ከመዝገቡ ይቀነስለታል። ሁለት ዓመት ቆይቶ በ15 ሚሊዮን ቢሸጥ ደጋፊው «አከሰሩን» ይላል፤ በክለቡ መዝገብ ላይ ግን የቀረው ዋጋ 10 ሚሊዮን ስለሆነ 5 ሚሊዮን ትርፍ ተመዝግቧል። ከታዳጊ ቡድን ያደገ ልጅ ደግሞ የመዝገብ ዋጋው ባዶ ስለሆነ የተሸጠበት በሙሉ ትርፍ ነው። ክለቦች በችግር ጊዜ ደጋፊው እንደ ልጁ የሚያየውን ተጫዋች ቀድመው የሚሸጡት በዚህ ምክንያት ነው። ሊድስ በ2024 አርቺ ግሬይን ለቶተንሃም ሲሸጥ የብዙ ሰው ልብ ተሰብሯል፤ ሒሳቡ ግን ሌላ መንገድ አልተወም።

ለሊጉ መሆን። ቻምፒዮንሺፕ 24 ክለቦች፣ 46 ጨዋታዎች ነው። አብዛኛውን ዓመት ቅዳሜና ማክሰኞ ይጫወታሉ። ሁለቱ በቀጥታ ያድጋሉ፤ ከእነሱ ቀጥለው የጨረሱት ጥቂት ክለቦች በፕሌይኦፍ ተጫውተው አንዱ ብቻ በዌምብሌይ ያልፋል። እዚያ የሚያስፈልገው በሳምንት ሁለቴ ጨዋታ የሚችል እግር ነው፤ ፌብሯሪ ላይ ጭቃ ሜዳ ላይ 1 ለ 0 ማሸነፍ የማይሰለቸው ሰው ነው።

ከተመለሱ በኋላ። በ2023 ያደጉት በርንሌይ፣ ሼፊልድ ዩናይትድና ሉተን ሦስቱም በዓመቱ ወረዱ። በ2024 ያደጉት ሌስተር፣ ኢፕስዊችና ሳውዝሃምፕተንም ሦስቱም በዓመቱ ወረዱ። ሳውዝሃምፕተን የጨረሰው በ12 ነጥብ ነው። ስለዚህ መንገዱ የሚመዘነው በማደግ ብቻ አይደለም፤ ካደገ በኋላ የሚቆም ቡድን ያስቀራል ወይ በሚለውም ነው።

## አንደኛው መንገድ፦ የጀርባ አጥንቱን ይዞ መውረድ

ኒውካስል፣ 2009

ሜይ 24 ቀን 2009 በቪላ ፓርክ 1 ለ 0 ተሸንፈን ወረድን። ክለቡ ለሽያጭ ቀረበ፤ ክረምቱን ሙሉ ቋሚ አሰልጣኝ አልነበረም። ክሪስ ሂዩተን ቡድኑን በጊዜያዊነት ይዞ ነበር፤ በቋሚነት የተሾመው ኦክቶበር መጨረሻ ላይ ነው። ማይክል ኦወን በነፃ ወደ ማንችስተር ዩናይትድ፣ ኦባፌሚ ማርቲንስ ወደ ቮልፍስቡርግ፣ ሴባስቲያን ባሶንግ ወደ ቶተንሃም፣ ዴሚያን ደፍ ወደ ፉልሃም ሄዱ። ማርክ ቪዱካም ለቀቀ።

ጁላይ 25 ቀን በወዳጅነት ጨዋታ፣ ከእኛ አንድ ደረጃ በታች የነበረው ሌይተን ኦሪየንት 6 ለ 1 አሸነፈን። ተጫዋቾቹ ራሳቸው በኋላ እንደተናገሩት፣ ከዚያ ሽንፈት በኋላ ነባሮቹ መልበሻ ክፍል ውስጥ በር ዘግተው ተነጋገሩ። ጥያቄው አንድ ነበር፤ መቆየት የሚፈልግ ማን ነው? የማይፈልግ አሁኑኑ ይናገር። የዚያን ዓመት የመልሶ ግንባታ ዕቅድ ይህ ስብሰባ ነበር ብዬ አምናለሁ፤ ከዚያ ውጭ ከክለቡ አመራር የመጣ ዕቅድ አላየሁም።

የቀሩት ግብ ጠባቂው ስቲቭ ሃርፐር፣ ኮሎቺኒ፣ ሆሴ ኤንሪኬ፣ ኬቪን ኖላን፣ ጆይ ባርተን፣ ጉቲዬሬዝ፣ አለን ስሚዝና የ20 ዓመቱ አንዲ ካሮል ነበሩ። መስመሩን ተመልከቱ፤ ግብ ጠባቂ፣ መሀል ተከላካይ፣ አማካይ፣ አጥቂ። በየቦታው ለቻምፒዮንሺፕ ከበቂ በላይ የሆነ ሰው ቀርቷል። ቡድኑ 102 ነጥብ ሰበሰበ፤ በሜዳው አንድም የሊግ ጨዋታ አልተሸነፈም። ኖላንና ካሮል እያንዳንዳቸው 17 የሊግ ጎል አገቡ። በቀጣዩ ዓመት ፕሪምየር ሊጉን 12ኛ ሆኖ ጨረሰ፤ ካሮልም በጃንዋሪ 2011 በ35 ሚሊዮን ፓውንድ ለሊቨርፑል ተሸጠ።

በመመዘኛዎቹ ሲታይ የዚህ መንገድ ጥንካሬ ከተመለሱ በኋላ ያለው ነው። ቡድኑ አብሮ ስለወደቀና አብሮ ስለተነሳ እንደ አዲስ መሥራት አላስፈለገም። ድክመቱ ደመወዙ ነው። በፕሪምየር ሊግ ደመወዝ ቻምፒዮንሺፕ መጫወት ለአንድ ዓመት ይቻላል፤ ለሁለት ዓመት ግን የሚችለው ክለብ ጥቂት ነው። የቀሩት ሰዎች ልባቸው ሌላ ቦታ ከሆነ ደግሞ ይህ መንገድ ከሁሉም የከፋ ይሆናል።

## ሁለተኛው መንገድ፦ ውዶቹን ሸጦ ሊጉን የሚያውቁትን መግዛት

ኒውካስል፣ 2016

ራፋ ቤኒቴዝ ከወረደ ክለብ ጋር መቆየቱ ራሱ ዜና ነበር። ጆርጂኒዮ ዋይናልደም በ25 ሚሊዮን ፓውንድ ወደ ሊቨርፑል፣ ሙሳ ሲሶኮ በዝውውር መስኮቱ የመጨረሻ ቀን በ30 ሚሊዮን ወደ ቶተንሃም፣ አንድሮስ ታውንሴንድ ወደ ክሪስታል ፓላስ ተሸጡ። በዚህ ገንዘብ ማን እንደመጣ በዝርዝር ማየት ይጠቅማል። ማት ሪቺ ከአንድ ዓመት በፊት ከበርንማውዝ ጋር የቻምፒዮንሺፕ ዋንጫ ያነሳ ነው። ዳሪል መርፊ በ2014–15 በኢፕስዊች 27 ጎል አግብቶ የሊጉ ኮከብ ጎል አግቢ ነበር። ሞሃመድ ዲያሜ ከጥቂት ሳምንታት በፊት ለሃል ሲቲ የፕሌይኦፍ ፍጻሜውን ብቸኛ ጎል ያስቆጠረ ነው። ግራንት ሃንሊ ለዓመታት የብላክበርን ተከላካይ ነበር። ዲዋይት ጌይል በ10 ሚሊዮን ፓውንድ ከፓላስ መጣ፤ በዚያ ዓመት 23 የሊግ ጎል አገባ።

ጅማሬው አስደንጋጭ ነበር። በፉልሃም 1 ለ 0፣ በሃደርስፊልድ 2 ለ 1 ተሸነፍን። ሴፕቴምበር ላይ ኪውፒአርን በሜዳው 6 ለ 0 ስናሸንፍ ግን ቡድኑ እንደተገናኘ ታየ። ዋንጫው የተወሰነው በመጨረሻው ቀን ነው፤ እኛ ባርንስሌይን 3 ለ 0 ስናሸንፍ ብራይተን ቪላ ፓርክ ላይ 89ኛው ደቂቃ ጎል ገባበትና አቻ ወጣ። 94 ለ 93። በቀጣዩ ዓመት ፕሪምየር ሊጉን 10ኛ ሆነን ጨረስን።

የእኔ ምርጫ ይህ ነው፤ ክለቤ ስለሆነ አይደለም። ሦስት ውድ ተጫዋቾች ሲሸጡ የደመወዙ ጫና ይቀላል፤ የኪሳራ ገደቡ አያስጨንቅም፤ የተገዙት ደግሞ ሊጉን ለመልመድ ግማሽ ዓመት አይፈልጉም። ነገር ግን ሁለት ቅድመ ሁኔታዎች አሉት። የሚሸጥ ውድ ተጫዋች መኖር አለበት፤ የሚገዛውን የሚያውቅ አሰልጣኝም በጁን ወር ቦታው ላይ መገኘት አለበት። አሰልጣኙ ኦገስት ላይ የሚሾም ከሆነ ግዢው የማን ዕቅድ እንደሆነ እንኳ አይታወቅም።

## ሦስተኛው መንገድ፦ ሁሉንም አፍርሶ በወጣትና በውሰት መገንባት

በርንሌይ፣ 2022

በርንሌይ ከስድስት ዓመት ቆይታ በኋላ ሲወርድ የስብስቡ ዕድሜ ገፍቶ፣ የብዙዎቹ ውል አልቆ ነበር። ጄምስ ታርኮውስኪና ቤን ሚ በነፃ ሄዱ። ኒክ ፖፕ፣ ናታን ኮሊንስ፣ ድዋይት ማክኒልና ማክስዌል ኮርኔ ተሸጡ። ቪንሰንት ኮምፓኒ ከአንደርሌክት መጥቶ የለመደውን ገበያ ከፈተ፤ ጆሽ ከለን ከአንደርሌክት፣ አናስ ዛሩሪ ከሻርለሯ፣ ማኑኤል ቤንሰን ከአንትወርፕ፣ ቪቲኞ ከሰርክል ብሩዥ። በውሰት ደግሞ ናታን ቴላ፣ ኢያን ማትሰን፣ ቴይለር ሃርውድ-ቤሊስና ጆርዳን ባየር መጡ። በረጃጅም ኳስ ይታወቅ የነበረ ክለብ በአንድ ክረምት ኳስ ይዞ የሚጫወት ቡድን ሆነ።

ውጤቱ 101 ነጥብ ነበር። ኤፕሪል 7 ቀን፣ ሰባት ጨዋታ እየቀረ ማደጉ ተረጋገጠ። ዋንጫው ደግሞ በባላንጣው ብላክበርን ሜዳ በቤንሰን ጎል ተያዘ፤ ለበርንሌይ ደጋፊ ከዚህ የሚበልጥ ቀን ያለ አይመስለኝም።

ከዚያ በኋላ ያለው ግን ከባድ ነው። 17 የሊግ ጎል ያገባው ቴላ ወደ ሌቨርኩሰን ሄደ፤ ማትሰን ወደ ቼልሲ ተመለሰ። ክለቡ በአንድ ዓመት ውስጥ ሁለተኛ ቡድን መሥራት ነበረበት፤ በ24 ነጥብ 19ኛ ሆኖ ወረደ። በውሰት የተሠራ ቡድን የሚያድገው ክለቡ ነው እንጂ ስብስቡ አይደለም፤ የተጫዋቾቹ ዋጋ ሲጨምርም የሚጠቀመው ባለቤታቸው ነው።

በርንሌይ ከዚያ የተማረ ይመስለኛል። በ2024–25 በስኮት ፓርከር ሥር ግብ ጠባቂውን ጄምስ ትራፎርድን ይዞ መከላከልን መሠረት አደረገ፤ በ46 ጨዋታ የገባበት ጎል 16 ብቻ ነበር፤ 30 ጨዋታ ጎል ሳይገባበት ወጣ። 100 ነጥብ ይዞ ሁለተኛ ሆኖ አደገ።

## አራተኛው መንገድ፦ ሁለት ኮከብ ሸጦ ሌላውን ይዞ አጨዋወት መቀየር

ሌስተር፣ 2023

ጄምስ ማዲሰን ወደ ቶተንሃም፣ ሃርቪ ባርንስ ወደ ኒውካስል ሄዱ፤ ከሁለቱ ብቻ ወደ 80 ሚሊዮን ፓውንድ የሚጠጋ ገንዘብ ገባ። ዩሪ ቲየለማንስ ግን ውሉ አልቆ በነፃ ወደ አስተን ቪላ ሄደ፤ ከላይ ስለ ውል ያልኩትን እዚህ ላይ አስታውሱ። ጄሚ ቫርዲ፣ ንዲዲና ዴውስበሪ-ሆል ቀሩ፤ ሃሪ ዊንክስ፣ ግብ ጠባቂው ማድስ ሄርማንሰንና በውሰት አብዱል ፋታው ተጨመሩ። ኤንዞ ማሬስካ ከማንችስተር ሲቲ መጥቶ አጨዋወቱን ቀየረው። ከመጀመሪያዎቹ 14 የሊግ ጨዋታዎች 13ቱን አሸነፉ፤ በ97 ነጥብ ዋንጫ አነሱ።

ችግሩ ግንባታው በአንድ ሰው ላይ መቆሙ ነበር። ማሬስካ ወደ ቼልሲ ሲሄድ ዴውስበሪ-ሆልን አስከትሎ ሄደ። የኪሳራ ሒሳቡም እየተንከባለለ መጥቶ አፈናቸው። በ2025 በ25 ነጥብ እንደገና ወረዱ። ይህ መንገድ በመጀመሪያው ዓመት ብቻ ሲመዘን ምርጥ ይመስላል፤ በሦስት ዓመት ሲመዘን ግን ከአሰልጣኙ ውጭ ምን ተገነባ የሚለው ጥያቄ መልስ አላገኘም።

## አምስተኛው መንገድ፦ ረጅሙ፣ በወጣቶች

ሰንደርላንድ፣ ከ2018 በኋላ

የኒውካስል ደጋፊ ስለ ሰንደርላንድ በጎ ነገር መጻፍ አይቀናውም። እውነቱ ግን መጻፍ አለበት። ሰንደርላንድ በ2017 እና በ2018 በተከታታይ ሁለት ደረጃ ወርዶ አራት ዓመት በሦስተኛው ደረጃ፣ በሊግ ዋን ቆየ። በ2022 ዊኮምብን 2 ለ 0 አሸንፎ ወደ ቻምፒዮንሺፕ ተመለሰ። ከዚያ ያሳየው ትዕግሥት ነው። ዳን ኒል፣ ክሪስ ሪግና ግብ ጠባቂው አንቶኒ ፓተርሰን ከራሱ ታዳጊ ቡድን ወጡ፤ ጆብ ቤሊንግሃም በ17 ዓመቱ ከበርሚንግሃም መጣ። ዋጋው የጨመረ ተጫዋች ይሸጣል፤ በገንዘቡ ሌላ ወጣት ይገዛል።

በ2024–25 አራተኛ ሆነው በ76 ነጥብ ጨረሱ፤ ከአንደኛው በ24 ነጥብ ርቀው ማለት ነው። ሜይ 24 ቀን 2025 ግን በዌምብሌይ ሼፊልድ ዩናይትድን 2 ለ 1 አሸነፉ። የማሸነፊያዋን ጎል በጭማሪ ሰዓት ያስቆጠረው ቶም ዋትሰን የክለቡ ታዳጊ ነበር፤ ያን ጊዜ ወደ ብራይተን ለመሄድ ተስማምቶ ጨርሷል። ጎሉም ሽያጩም በአንድ ልጅ ላይ ተገናኙ። ከፕሪምየር ሊግ ርቀው የቆዩት ስምንት ዓመት ነው፤ ይህን መንገድ የሚመርጥ ደጋፊ ያን ያህል ለመጠበቅ ዝግጁ መሆን አለበት።

## በችኮላ ሲገነባ የሚሆነው

የ2017ቱ ሰንደርላንድ ሊጠና ይገባዋል። ጆርዳን ፒክፎርድ ለኤቨርተን ተሸጠ፤ ጄርሜን ዴፎ በውሉ አንቀጽ በነፃ ሄደ። በአንጻሩ በሳምንት 70 ሺህ ፓውንድ ገደማ ይከፈለው እንደነበር በስፋት የተዘገበ አንድ አማካይ፣ ደመወዝ የሚቀንስ አንቀጽ ስላልነበረው ያንኑ እየተከፈለው ቆየ። አጥቂው ሉዊስ ግራባን በውሰት መጥቶ 12 ጎል አገባ፤ ጃንዋሪ ላይ ወደ ክለቡ ተመለሰ። ቡድኑ በ37 ነጥብ መጨረሻ ሆኖ ወረደ። ሊሸጡ የሚገባቸው ቀሩ፣ ሊቀሩ የሚገባቸው ሄዱ። በ2024 ከፕሪምየር ሊግ፣ በ2025 ከቻምፒዮንሺፕ የወረደው ሉተንም ያንኑ ቁልቁለት ሄዶበታል።

ሊድስ 2023 ደግሞ የውል ትምህርት ነው። ብሬንደን አሮንሰን ወደ ዩኒየን በርሊን፣ ሮቢን ኮህ ወደ ፍራንክፈርት፣ ራስሙስ ክሪስተንሰን ወደ ሮማ፣ ማክስ ቮበር ወደ ግላድባህ፣ ሁሉም በውሰት ሄዱ፤ በውላቸው ውስጥ ክለቡ ከወረደ እንዲህ የሚያስወጣ አንቀጽ ነበረና። ክለቡ ተጫዋቹንም ገንዘቡንም አጣ። ዳንኤል ፋርክ ቡድኑን ሳይጨርስ ሊጉ ተጀመረ፤ ከመጀመሪያዎቹ ሦስት ጨዋታዎች 2 ነጥብ ብቻ ተገኘ። ዋናው አጥቂ ጆኤል ፒሮ የፈረመው ኦገስት መጨረሻ አካባቢ ነው። በ90 ነጥብ ሦስተኛ ሆነው በፕሌይኦፍ ፍጻሜ በሳውዝሃምፕተን 1 ለ 0 ተሸነፉ። በሁለተኛው ዓመት ግሬይን፣ ሰመርቪልንና ሩተርን ሸጠው እንኳ አምፓዱ፣ ሮዶንና ፒሮ ስለቀሩ በ100 ነጥብ ዋንጫ አነሱ። ሦስት ኮከብ ሄዶ ቡድኑ የተሻለበት ምክንያት ይኸው ነው፤ የቀሩት መሀል ላይ የሚቆሙት ነበሩ።

## ማጠቃለያ ሠንጠረዥ

| መንገድ | ምሳሌ | የመጀመሪያ ዓመት ውጤት | ካደገ በኋላ | የሚጠይቀው ወጪ | ዋናው አደጋ |
|---|---|---|---|---|---|
| የጀርባ አጥንቱን መያዝ | ኒውካስል 2009 | 102 ነጥብ፣ ዋንጫ | 12ኛ | ከፍተኛ ደመወዝ፣ ትንሽ ግዢ | በዓመቱ ካልተመለሰ ደመወዙ ያፍናል |
| ውድ ሸጦ ልምድ መግዛት | ኒውካስል 2016 | 94 ነጥብ፣ ዋንጫ | 10ኛ | ሽያጩ ግዢውን ይሸፍናል | የሚሸጥ ኮከብና አስቀድሞ የተሾመ አሰልጣኝ ይፈልጋል |
| አፍርሶ በወጣትና በውሰት | በርንሌይ 2022 | 101 ነጥብ፣ ዋንጫ | በ24 ነጥብ ወረደ | መካከለኛ | ውሰቱ ሲያልቅ ቡድኑ ይፈርሳል |
| ሁለት ሸጦ አጨዋወት መቀየር | ሌስተር 2023 | 97 ነጥብ፣ ዋንጫ | በ25 ነጥብ ወረደ | ከፍተኛ | አሰልጣኙ ሲሄድ ሁሉም ይሄዳል |
| ረጅሙ፣ በወጣቶች | ሰንደርላንድ ከ2018 በኋላ | በዓመቱ አይመለስም | በ2025 አደገ | ዝቅተኛ | ዓመታት ይፈጃል |

## ለየትኛው ክለብ የትኛው?

የፓራሹት ክፍያ ያለው፣ ሁለት ወይም ሦስት ውድ ተጫዋች ያለው ክለብ ሁለተኛውን ይምረጥ። ሽያጩ ግን ቀድሞ ይለቅ። ሲሶኮ በመጨረሻው ቀን መሸጡ ለእኛ ያልጎዳን ተተኪዎቹ ቀድመው ስለገቡ ነው። ተተኪ ሳይገባ ኦገስት 31 ላይ ኮከብ የሚሸጥ ክለብ የቆጡን አወርድ ብሎ የብብቱን ይጥላል።

ብዙ ተጫዋች ረጅም ውል ያለውና ገዥ ያልመጣለት ክለብ አንደኛውን ይሂድ፤ ምርጫም የለውም። ግን እንደ ኦሪየንቱ ማግስት ያለ ንግግር ያስፈልጋል። መቆየት የማይፈልግ ሰው ዋጋው ቢቀንስም ይሸጥ፤ በ5 ሚሊዮን ፓውንድ የሚያንስ ሽያጭ ዓመቱን ሙሉ መልበሻ ክፍል ከሚያኮርፍ ሰው ይሻላል።

ስብስቡ ያረጀ፣ ውሉ ያለቀ ክለብ ከሦስተኛው ሌላ መንገድ የለውም። ምክሬ አንድ ነው፤ ውሰቱ የመግዛት መብት ይኑረው። ከ11ዱ ተሰላፊዎች ከሦስት በላይ የሰው ንብረት ከሆኑ ያ ቡድን ለአንድ ዓመት የተከራየ ነው።

ባለቤቱ ገንዘብ የሌለው ወይም ላይ አንድ ዓመት ብቻ የቆየ ክለብ የመመለስ ግዴታ እንደሌለበት ለደጋፊው በግልጽ ይንገር። አምስተኛው መንገድ የሚሳካው በአራተኛው ሳምንት «አሰልጣኙ ይባረር» ካልተባለ ነው። ይህ በእኛ በደጋፊዎች እጅ ያለ ነገር ነው።

አራተኛውን የምመክረው ለማንም ክለብ አይደለም፤ አሰልጣኙ ሲሄድ የሚተካው ሰው ከወዲሁ ታስቦ ካልሆነ በቀር።

ወደ አገራችን ስንመጣ ነገሩ ሌላ መልክ አለው። ከኢትዮጵያ ፕሪምየር ሊግ ወደ ከፍተኛ ሊግ ለሚወርድ ክለብ የፓራሹት ክፍያ የለም። ብዙዎቹ ክለቦች የሚኖሩት በከተማ አስተዳደር ወይም በመንግሥት ተቋም በጀት ነው፤ የተጫዋች ውልም አጭር ስለሆነ ሽያጭ ቡድን መልሶ የሚያቆም ገንዘብ አያመጣም። ስለዚህ እዚህ ያለው እውነተኛ ምርጫ አንደኛውና አምስተኛው ብቻ ነው፤ የውል ማራዘሚያውም መፈረም ያለበት ወቅቱ ሳያልቅ፣ ውጤቱ ሳይታወቅ ነው። ቡድኑ ከተበተነ በኋላ በየቤቱ ተጫዋች ለመሰብሰብ መሞከር ዘግይቷል።

ወደ እንግሊዝ ልመለስና የክረምቱን ዜና የምትከታተሉበትን ጊዜ ላስቀምጥ። እስከ ጁን መጨረሻ አሰልጣኙ መታወቅ አለበት። እስከ ጁላይ አጋማሽ ግብ ጠባቂው፣ አንዱ መሀል ተከላካይና አንዱ መሀል አማካይ እነማን እንደሆኑ መታወቅ አለበት፤ ነባርም ይሁኑ አዲስ። የመጀመሪያው ጨዋታ ላይ አጥቂው ይኑር። በእነዚህ ሦስት ቀኖች ክለባችሁ ከዘገየ፣ ጋዜጣው ስለተሸጠው ኮከብ ዋጋ ሲያወራ እናንተ ስለሌለው ግብ ጠባቂ ጠይቁ።